ኪሮሽ አልሻሻል ብሎ ለሰለቻት እህት፤ ትንሽ ረዘም ያለ መልስ

«ኪሮሽ ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ሥራዬ ግን አይሻሻልም። ጠርዙ እየጠበበ ይሄዳል፣ ክቡ ይጨማደዳል፣ አሁንማ መርፌውን ማየት ራሱ አስጠላኝ። ምን ላድርግ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ከሥሩ የተጻፈልሽንም አየሁ። «ተለማመጂ»፣ «አይዞሽ»፣ «በርቺ»። እህቴ፣ በርቺ ጠርዝ አያቃናም። እኔ በዚህ ሥራ ልጅ አስተምሬበታለሁ፣ ተቃጥዬበታለሁም። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

የጠረጴዛ ልብስ ወይም የሶፋ ልብስ ጀምረሽ መሀል ላይ እንደቆምሽ ገምቻለሁ። ሁላችንም እዚያው ነን። መርፌ አያያዝና ሰንሰለት አሠራሩን እዘለዋለሁ፤ እሱን ታውቂዋለሽ።

1. ቁጠሪ። ጠርዝ የሚጠበው እጅሽ ስለማይረባ አይደለም። ረድፉ ሲጀምር ወይም ሲያልቅ አንድ ስቲች (አንድ ቋጠሮ) እየዘለልሽ ነው። በደብል ክሮሼ (ክሩን መርፌው ላይ አንዴ ጠምጥመሽ በምትሠሪው ረዘም ያለ ስቲች) ሥራውን ገልብጠሽ ወደ ላይ የምትወጪባቸው 3 ሰንሰለቶች እንደ አንድ ስቲች ይቆጠራሉ። ስለዚህ ቀጣዩን የምትሠሪው ሁለተኛው ስቲች ላይ ነው። ስትመለሺ ደግሞ የመጨረሻውን በእነዚያ 3 ሰንሰለቶች አናት ላይ ትሠሪያለሽ። ሰው ሁሉ የሚረሳት እሷን ነው። 40 የነበረው 39 ይሆናል፣ ከዚያ 38፣ ሳታውቂው ልብሱ ሦስት ማዕዘን ይሆንልሻል። በሁለቱም ጫፍ መርፌ ቁልፍ ሰክተሽ ሥሪ። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠውን ባለቀለም ፕላስቲክ መግዛት አያስፈልግም።

ክቡም ሒሳብ ነው። በሲንግል ክሮሼ (ክሩን ሳትጠመጥሚ በምትሠሪው አጭሩ ስቲች) በ6 ከጀመርሽ በየዙሩ 6 ትጨምሪያለሽ፤ 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያለ ይሄዳል። በደብል ክሮሼ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ተጀምሮ በየዙሩ 12 ይጨመራል። ዳሩ ከተጨማደደ አብዝተሻል። ወደ ላይ እየታጠፈ ኮፍያ ከመሰለ አሳንሰሻል። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እኔን ያስተማሩኝ የጎረቤታችን እትዬ ቡና ተፈልቶ ወሬ ሲደራ እንኳ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። ለካ እየቆጠሩ ነው።

2. ሥዕሉን፣ ማለትም አሠራሩ በምልክት የተሳለበትን ወረቀት፣ ማንበብ ልመጂ። ቪዲዮ ብቻ እያየሽ የምትሠሪ ከሆነ፣ የሰለቸሽ ኪሮሹ ሳይሆን ቪዲዮው ነው። ታቆሚያለሽ፣ ወደ ኋላ ትመልሻለሽ፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ሴትየዋ ደግሞ ዋናው ቦታ ላይ እጇን ትጋርድብሻለች። ሥዕሉ ግን ቀላል ነው። ሰንሰለት ሞላላ ክብ ናት። ሲንግል ክሮሼ መስቀል ወይም ኤክስ ነው። በሲንግልና በደብል መሀል ያለው ሃፍ ደብል ቲ ይመስላል። ደብል ክሮሼ ወገቡ ላይ አንድ ሰረዝ ያለበት ቲ ነው፤ ሁለት ሰረዝ ካለበት ክሩን መርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ትጠመጥሚያለሽ። ይሄን የቻለ ሰው የጃፓኑንም የሩሲያውንም መጽሔት ያለ አስተርጓሚ ይሠራል። በጽሑፍ የተሰጠ የእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ ግን ተጠንቀቂ። አሜሪካኖቹ ሲንግል የሚሉትን እንግሊዞቹ ደብል ይሉታል፤ እኔ እዚህ የጻፍኩት በአሜሪካኖቹ ነው፤ የየት አገር መመሪያ እንደሆነ ሳታዪ ከጀመርሽ ሌላ ልብስ ነው የሚወጣልሽ።

እኔ በኪሮሽ መደሰት የጀመርኩት ሥዕል ማንበብ ስችል ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ስልክ ባትሪ ቢጨርስ ግድ የለኝም። ወረቀቴን ይዤ መስኮት ሥር እቀመጣለሁ። ሲያሰኘኝም አንዱን አበባ ከአንዱ ሥዕል፣ ዳሩን ከሌላው ወስጄ የራሴን አወጣለሁ።

3. ክር። እዚህ ላይ ጠብቂኝ፤ እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

የክር ጥቅል ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ የቀለሙ ቁጥር ነው። ሌላው ሎት የሚባለው ነው፤ ክሩ በየትኛው ዙር እንደተቀለመ የሚናገር። ቀለሙ ያው ሆኖ ሎቱ ከተለያየ ትንሽ ይለያያል። በሱቅ መብራት አታዪውም። ቤት ወስደሽ፣ ሠርተሽ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ነው የሚያፈጥብሽ።

ለሙሽራ የአልጋ ልብስ ታዘዝኩ። ክሬም ቀለም፣ ቁጥር 10 የጥጥ ክር። መርካቶ ሄድኩ። ሎት አውቃለሁ፤ ጠየቅኩም። ሻጩ ጥቅሎቹን ከማሸጊያው አውጥቶ ደርድሯቸዋል፣ የግማሾቹ ወረቀት ተነቅሏል። «እነዚህ ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው ወይ?» አልኩት። «ሁሉም ያው ነው።» ወረቀታቸውስ? «ሴትዮ፣ እኔ ክር ስሸጥ አንቺ አልተወለድሽም፤ ልታስተምሪኝ ነው?» አለኝ። ከጎኑ ያሉት ሳቁ። በር ላይ አውጥቼ በፀሐይ ልየው ስል ጥቅሉን ከእጄ ቀማኝ። ቀኑ መሽቷል፣ ሌላ ሱቅ ያን ያህል መጠን የለም፣ ሰርጉ ደርሷል። ከፈልኩ።

መሀሉን አልፌ አልጋ ላይ ስዘረጋው መስመር! ከወገቡ በላይ ክሬም፣ ከወገቡ በታች ወደ ቢጫ የሚያደላ። ይዤው ተመለስኩ። «የተፈታ ክር አይመለስም» አለኝ። ያልተፈቱትስ? «እነሱም ተነክተዋል።» እስኪ ወደ ውጭ ውጣና ፀሐይ ላይ እየው ብለው ከባንኮኒው ንቅንቅ አላለም። ለሌላ ደንበኛ ሒሳብ እየሠራ ጀርባውን ሰጠኝ። ያን ቀን መርካቶ መሀል እንባዬ መጣ፤ ከብሩ ይልቅ ንቀቱ ነው ያበሸቀኝ።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ግማሹን ተረተርኩት። ከዚያ ሁለቱን ክር አፈራረቅኳቸው፤ ሁለት ረድፍ ከአንዱ፣ ሁለት ረድፍ ከሌላው፣ እየተቀያየረ እስከ ታች። የቀለሙ ልዩነት አንድ ቦታ ላይ ሲሆን ነው መስመር የሚሠራው። ሲበተን ዓይን አይለየውም፤ ቢለየውም ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የሙሽሪት አማት ልብሱን ዳስሰው ዳስሰው «ይሄን የመሰለ ጥላ ያለው ዲዛይን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬም አልነገርኳቸውም። ትርፌን ግን ሻጩ በልቶታል።

ስለዚህ ክርሽን በአንዴ ግዢው፣ አንድ ትርፍ ጥቅል ጨምረሽ። ወረቀት የሌለውን አትንኪ። የሎቱን ቁጥር እዚያው በስልክሽ ፎቶ አንሺው። በፀሐይ እንድታዪ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመሽ ጥለሽው ሂጂ፤ ቢመሽም ሂጂ።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ፤ ንዴቴ ተነሳ።

መርፌን በተመለከተ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለ የጥጥ ክር ቀጭን ነው፤ 40 ከ20፣ 20 ከ10 ይቀጥናል። ለቁጥር 10 ክር 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ የብረት መርፌ ይስማማዋል። ወፈር ላለው የሹራብ ክር 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር። የመጀመሪያው ሰንሰለት ሁልጊዜ የሚጨብጥብሽ ከሆነ እሱን ብቻ ወፈር ባለ መርፌ ሥሪውና ከዚያ ወደ መደበኛው ተመለሽ። ትልቅ ሥራ ሳትጀምሪ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የምታህል ናሙና ሥሪ፣ እጠቢያት፣ ሲደርቅ ለኪያት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ይህቺን የዘለለች ሁሉ አጥባ ታለቅሳለች።

ስለመሰልቸቱ ደግሞ፣ ያን ትልቁን ሥራ ለጊዜው አጥፈሽ አስቀምጪው። ኩነኔ የለውም። በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነገር ሥሪ፤ የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ የሕፃን ኮፍያ። ወይም ትንንሽ አራት ማዕዘን እየሠራሽ በኋላ መገጣጠም። እሱ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይሠራል፣ አንዱ ቢበላሽ አንዱን ብቻ ነው የምትተረትሪው። የእጅ አንጓሽን ካመመሽም አቁሚ፤ ብዙ ጊዜ መርፌ አጥብቆ መያዝ ነው የሚያመጣው።

ብዙዎች የማይነግሩሽ ነገር ማጠናቀቂያው ነው። የሠራሽውን እጠቢው፣ ሳይደርቅ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ዳር ዳሩን በስፒል ወጥሪው፣ እዚያው ይድረቅ። የጥጥ ዳንቴል እንዲህ ሲደረግለት የሌላ ሰው ሥራ ይመስላል። አክሪሊክ ከሆነ ግን ካውያ አታስነኪው፤ ይቀልጣል። ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውሃ የሚነክሩ አሉ። እትዬም ያደርጉት ነበር። ያምራል፣ ግን ጉንዳን ይጠራል፤ እኔ ስታርች ነው የምጠቀመው።

ለመሸጥም ካሰብሽ አንድ ነገር ልጨምር። ክሩን የሚሸፍን ቀብድ ሳትቀበዪ ክር አትግዢ። ዘመድም ብትሆን። በተለይ ዘመድ ከሆነች። «ይሄ'ኮ ክር ብቻ ነው፣ እጅሽ እንደሆነ ነፃ ነው» የምትልሽ እሷ ናት። እኔ እንዲህ ላለችኝ አንዲት ሴት ክሩንና መርፌውን ሰጥቻት «እንግዲያው ክሩ ይኸው፣ በነፃው እጅሽ ሥሪው» ብያታለሁ። ተኮራርፈን ከረምን። ቆይታ ደውላ ቀብዱን ላከች።