ልጄ አያቷን «እማዬ»፣ እኔን በስሜ

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። እኔ ሥራ ስለምውል እናቴ ናት የምትይዝልኝ። አሁን እናቴን «እማዬ» ትላታለች፣ እኔን በስሜ ትጠራኛለች። ማታ ከእኔ ጋር ተኚ ስላት ለቅሶ ነው። እኔን በቁጣ ያሳደገች እናቴ ደግሞ ለሷ ሲሆን ከረሜላ ከራት በፊትም ትፈቅዳለች። ቅናት ነው የያዘኝ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አዎ፣ ትንሽ ቅናት አለበት፤ ምንም አይደል። ስሙን ተዪው። ልጅሽ ቤት ውስጥ የምትሰማው አንቺ «እማዬ» ስትዪ፣ እናትሽም አንቺን በስምሽ ሲጠሩ ነው፣ ታዲያ ሌላ ከየት ታምጣ?

አያት ለልጅ ልጇ የምትሳሳው እንዲሁ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ50 ሴት አያቶችን አንጎል በኤምአርአይ አይተው ነበር። የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ሲያዩ ስሜትን ከመጋራት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ይበልጥ ነቃ። የገዛ ልጃቸውን ሲያዩ ግን የሰውን ሐሳብ ለመረዳት የሚሠራው ክፍል ነው ጎልቶ የታየው። እንግዲህ ከትንሿ ጋር አብረው ይስቃሉ፣ አንቺን ግን «ይቺ ልጅ ምን ሆነች?» እያሉ ያጠኑሻል ማለት ነው (እኔ እንደገባኝ)።

ማታ ገላዋን ማጠቡንና ተረቱን አንቺ ያዢው፣ መኝታው ቀስ ብሎ ይመጣል። ስለ ከረሜላው ልጅቷ በሌለችበት ተነጋገሩ እንጂ በሷ ፊት እናትሽን እንዳትናገሪያቸው። ሌላውን እለፊው፤ የሞግዚት ደሞዝ ስንት እንደገባ ታውቂዋለሽ አይደል?