መልስ፦ «ሰበር ዜና» የሚል ቪዲዮ ላይ ያለው ፎቶ የዛሬ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በምስል ፍለጋ ታውቀዋለህ፤ ስልክህ ብቻ ይበቃል።

1. የቪዲዮውን የፊት ምስል ስክሪንሾት አንሳ። ከዚያ ቀዩን ጽሑፍ፣ ቀስቱንና ክቡን ቆርጠህ አስወግድ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ጽሑፉ ከቀረ ፍለጋው ሌሎች «ሰበር» ቪዲዮዎችን እየጎተተ ያመጣል። ሁለት ፎቶ ተገጣጥሞ ከሆነ ለየብቻ ቁረጣቸው።

2. የቀረውን ጉግል ሌንስ (የጉግል የምስል መፈለጊያ) ላይ አስገባ።

3. ቲንአይ (TinEye የሚባል የምስል መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይም ጫንና ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ ደርድር። ተፈጸመ ከተባለበት ቀን በፊት የወጣ ቅጂ ካገኘህ ፎቶው የዚያ ዜና አይደለም።

ምንም ካልመጣ ምስሉን ግራና ቀኝ ገልብጠህ ድገመው፤ ሆን ብለው ገልብጠው የሚለጥፉ አሉ።

አሮጌ ቅጂ አለመገኘቱ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። በዝግ የቴሌግራምና የፌስቡክ ግሩፖች ውስጥ የሚዞረውን እነዚህ መፈለጊያዎች አያዩትም። ስለዚህ ቪዲዮው ውስጥ ቦታው፣ ቀኑና የተናገረው ሰው በስም ተጠቅሶ እንደሆነ አዳምጥ።

አንድ ነገር አደራ፦ «ውሸት ነው» ለማለት ብለህ ሊንኩን ለቤተሰብ አትላክ። ተናደው የሚከፍቱትም ለቪዲዮው ባለቤት እይታ ሆኖ ይቆጠርለታል፤ ገቢውም ከዚያ ነው። ስክሪንሾቱን ብቻ፣ ላዩ ላይ ትልቅ ኤክስ አድርገህ ላክ።