መልስ፦ የጎዳና ፌስቲቫል የድሮ መሀል ከተማን በእውነት ያነቃዋል ወይ?

ሰላም ወንድሜ፣ "የአንድ ቀን ጭፈራ ለተዘጉ ሱቆች ምን ይጠቅማል" ላልከው፣ ብቻውን ከሆነማ ብዙም አይጠቅምም፣ ግን በር ይከፍታል። መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ሰው ቀስ እያለ በእግሩ ይሄዳል፣ ስንት ዓመት በመኪና ጥሎት ሲያልፍ የኖረውን ህንፃ ያኔ ነው ቀና ብሎ የሚያየው፣ ሰፈሩ ባዶና አስፈሪ ነው የሚለውም ወሬ እዛው ይሰበራል።

እውነቱን ለመናገር ግን በዕለቱ ሱቆቹ ብዙ ላይሸጡ ይችላሉ፣ እንደውም ድንኳኑ በራቸው ላይ ከተተከለ ይከስራሉ (አዘጋጆች ይሄን ነገር ለምን እንደሚረሱት አይገባኝም)። ዋናው ሰውዬው በሌላ ቀን ተመልሶ መምጣቱ ነው፣ ስለዚህ ባለሱቆቹ ኮሚቴው ውስጥ ከመጀመሪያው ይግቡ። እኔ በጣም የምወደው ደግሞ ባዶ ሱቆችን ለዛ ሰሞን ብቻ መክፈት ነው፣ መብራቱና ደህንነቱ ይታይና ጀማሪ ነጋዴ ረጅም ውል ሳይፈርም ገበያውን ይሞክራል፣ ባለቤቱም ቤቱ ተከራይ እንደሚያገኝ በዓይኑ ያያል።

አሜሪካ ውስጥ የድሮ መሀል ከተሞችን ለማነቃቃት የሚሠራ ሜይን ስትሪት የሚባል ፕሮግራም አለ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. በ3 ትናንሽ ከተሞች ሙከራ የተጀመረው፣ እነሱ ሥራውን በ4 ይከፍሉታል፦ አደረጃጀት፣ ፕሮሞሽን፣ ዲዛይንና ኢኮኖሚ። ፌስቲቫል እንግዲህ ፕሮሞሽን ውስጥ ነው የሚገባው፣ ሌሎቹ 3ቱ ካልተሠሩ በማግስቱ የሚቀረው ቆሻሻ መጥረግ ብቻ ነው። ደግሞ ሰፈሩ ሲሞቅ ኪራይ ይጨምራል፣ ነባሮቹ እንዳይባረሩ ውላቸውን አስቀድመው ቢያራዝሙ ጥሩ ነው።