ሦስት ልጆች፣ አንዲት አያት እና ስድስት ሰዓት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን የ11፣ የ7 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። ለበዓል ወደ ዘመድ ቤት ከመሄድ በቀር ልጆቹን ለመዝናናት ብለን ይዘናቸው የወጣንበት ቀን የለም። ዘንድሮ ዕቁብ ስለደረሰኝ በጥቅምት ወር ሚኒባስ ተከራይተን አዲስ አበባ ደርሰን ለመመለስ ወስነናል። ባለቤቴ፣ ወጪው ካልቀረ፣ አንድነት ፓርክን፣ ወዳጅነት ፓርክን እና እንጦጦ ፓርክን በአንድ ቀን ማዳረስ አለብን ይላል። ትልቁ ልጄ ደግሞ በስልክ ያየውን የእንጦጦ ዚፕላይን (በተዘረጋ ገመድ ላይ ታስረው የሚንሸራተቱበትን ጨዋታ) ካልሞከርኩ ብሎ አስቸግሯል። አብረውን የሚሄዱት አማቴ 70 ዓመት የሞላቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ጾምም የማያጓድሉ ናቸው። ሁሉም ደስ ብሎት እንዲመለስ ቀኑን እንዴት እናቅደው?
(አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፓርክ ከመምረጣችሁ በፊት ሰዓቱን አብረን እንቁጠር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ብትነሡ፣ ሕፃኑን ሽንት ለማሸናት እና አማትዎ እግራቸውን እንዲያፍታቱ አንድ ጊዜ ብትቆሙ፣ በዚያ ላይ ከለገጣፎ ጀምሮ ያለው የመኪና መጨናነቅ ሲጨመርበት፣ ፓርኩ በር ላይ የምትደርሱት 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሳይመሽ ቤታችሁ ለመግባት ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መነሣት ይኖርባችኋል። እንግዲህ በእጃችሁ ያለው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ለሦስት ቦታ ሲከፈል፣ ትኬት መቁረጡ፣ ፍተሻው፣ መኪና ማቆሚያ መፈለጉ፣ ልጆችን ማውረድና መጫኑ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ይወስድና ለመዝናናት የታሰበው ጊዜ በሰልፍ ያልቃል።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ቤት ካየሁት ተነሥቼ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ፣ በአንድ የበዓል ሰሞን፣ ልክ እንደ ባለቤትዎ አስቤ ሦስት መናፈሻ በአንድ ቀን አዞርኳቸው። ትንሿ ልጄ በሁለተኛው በር ላይ ተኝታ በሦስተኛው እያለቀሰች ነቃች። ዛሬ ስጠይቃት የምታስታውሰው ጥዋት የመጀመሪያው ቦታ ላይ የተጫወተችበትን ሸርተቴ ብቻ ነው። ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ አንድ ፓርክ ምረጡ፣ እሱንም ጥዋት ገብታችሁ እስክትጠግቡ ቆዩበት። ወዳጅነት ፓርክ ከአንድነት ፓርክ ብዙ ስለማይርቅ «እዚህ ደርሰን እንዴት ሳናየው» የሚል ፈተና መምጣቱ አይቀርም፤ ባለቤትዎን ከወዲሁ አሳምኗቸው።

ለእናንተ ቤተሰብ የምመርጠው አንድነት ፓርክን ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕዝብ የተከፈተው ይህ ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ የአፄ ምኒልክ ግብር አዳራሽ፣ የዙፋን ቤቱ፣ የክልሎች እልፍኞች፣ ጥቁር ጎፈር አንበሶች ያሉበት የእንስሳት ማቆያ እና የልጆች መጫወቻ በአንድ አጥር ውስጥ ይገኛሉ። የ4 ዓመቱ ልጅ አንበሳውን፣ የ7 ዓመቱ መጫወቻውን፣ የ11 ዓመቱ ታሪኩን፣ አማትዎም ግብር አዳራሹን ስለሚያገኙ ማንም ለሌላው ሲል ብቻ አይጎተትም። ከዚህም በላይ ለሰሜን ሸዋ ሰው የዚህ ጉዞ ታሪክ የሚጀምረው ገና ከደብረ ብርሃን ሲወጣ ነው። ጫጫ ስትደርሱ አንጎለላ ቅርብ ነው፤ ምኒልክ የተወለዱት እዚያ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው። አማትዎ ስለ አንጎለላና ስለ አንኮበር ሲሰሙ ያደጉትን በመንገድ ላይ ለልጆቹ ቢያጫውቷቸው፣ ግብር አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ልጆቹ የሚያዩት የሩቅ ሰው ቤት ሳይሆን ጎረቤታቸው ከተወለደ ሕፃን ጋር የሚያያዝ ቤት ይሆንላቸዋል። ጉልበታቸው የሚያማቸው አያት የዕለቱ ሸክም ሳይሆኑ የዕለቱ አስጎብኚ መሆናቸውን ልጆቹ ከጥዋቱ ቢያውቁት እወዳለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ከዙፋን ቤቱ ሥር ያለው ምድር ቤት በ1966 ዓ.ም. አብዮት የተያዙ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ባለሥልጣናት የታሰሩበት ነው፤ ከታሰሩትም ብዙዎቹ በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ተገድለዋል። ለ11 ዓመቱ ልጅ እውነቱን በአጭሩ ነግሮ ማሳየት ተገቢ ይመስለኛል። ሁለቱ ታናናሾች ግን በዚያ ሰዓት ከአያታቸው ጋር ውጭ ጥላ ሥር ቢቀመጡ ይሻላል።

ቀኑ ቅዳሜ ይሁን። ጥቅምት የጽጌ ጾም ወቅት ነው፤ የፈቃድ ጾም ቢሆንም ብዙ የሸዋ እናቶች አይተዉትም፤ አማትዎም ከእነዚያ ከሆኑ በሌላው ቀን እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ልትወስዷቸው ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ምግቡ የጾም ቢሆንም ከእህል ተከልክሎ መዋል ስለሌለ ጥዋት ቀምሰው ይወጣሉ። እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ሕዝቡም ይበዛል። ስንቁ ለሁሉም የጾም ይሁን፤ በሶ፣ ዳቦ፣ ቆሎ እና ብርቱካን ለመንገድ የሚመቹ ናቸው። ዳቦውን ቤት ቆርሳችሁ ያዙ፤ ቤተ መንግሥት ግቢ እንደመሆኑ በር ላይ ፍተሻ ስላለ ቢላዋ ይዞ መሄድ ለመጉላላት ብቻ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ቀን ወደ ፓርኩ ደውላችሁ የመግቢያ ዋጋውን፣ ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት እና ምግብ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። የማይፈቀድ ከሆነ ሚኒባሱ ውስጥ በልታችሁ ግቡ።

ልብስን በተመለከተ፣ የደብረ ብርሃን የጥቅምት ጥዋት ብርድ ሹራብና ጋቢ ያስለብሳል፤ አዲስ አበባ ግን ከእናንተ ከተማ ዝቅ ያለች ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ይሞቃችኋል። ልጆቹን ከውስጥ ቀለል ያለ ልብስ አልብሳችሁ ሹራቡን ከላይ ደርቡላቸው፣ የፀሐይ ኮፍያም አትርሱ።

ፓርኩ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ፣ ሰው ሳይበዛ በመጀመሪያ ወደ እንስሳቱ ሂዱ፤ የ4 ዓመት ልጅ ኃይሉና ደስታው ያለው ጥዋት ነው። ግቢው ሰፊና ተዳፋት ያለው ስለሆነ አማትዎ ሁሉንም አብረው ይዙሩ ማለት ጭካኔ ነው፤ ግብር አዳራሹን ካዩ በኋላ ምቹ መቀመጫ ፈልጋችሁ አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው ይቀመጥ፣ ሌሎቻችሁም እየተመላለሳችሁ ተቀያየሩ። ያ መቀመጫ የቤተሰቡ መገናኛ ይሁን። ጥዋት ከመግባታችሁ በፊት የሦስቱንም ልጆች ፎቶ በለበሱት ልብስ አንሡ፤ ልጅ የጠፋበት ወላጅ ደንግጦ የልጁን ሹራብ ቀለም እንኳ ይረሳልና። ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ፤ ከተጠፋፋችሁም ባሉበት ቆመው የደንብ ልብስ የለበሰ ጥበቃ እንዲጠሩ፣ እናንተን ፍለጋ እንዳይሮጡ ደጋግማችሁ አስተምሯቸው። መጫወቻውን ከምሳ በፊት አድርጉት፤ ከምሳ በኋላ ቀስ ብሎ መሄድና መቀመጥ ይበቃል።

የትልቁ ልጅዎ ጉዳይ ቀርቷል። የዚፕላይኑን ተስፋ በባዶ «አይሆንም» አትዝጉበት። በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ላይ የቁመትና የክብደት ገደብ የሚወጣው ማሰሪያው የተሠራው ለተወሰነ የሰውነት መጠን ስለሆነ ነው፤ ገላው ለማሰሪያው ያነሰ ልጅ ሊሾልክ ይችላል፣ እጅግ ቀላል የሆነም በነፋስ መሐል ላይ ሊቆምበት ይችላል። ስለዚህ ጫማውን አውልቆ ቁመቱን በሜትር ለኩት፣ ክብደቱንም መዝኑት፤ ከዚያም እሱ ራሱ ወደ እንጦጦ ደውሎ ገደቡን ይጠይቅ። የሚያሟላ ከሆነ አባቱ ለብቻው ይዞት የሚሄድበትን ሌላ ቀን ቀጥሩለት፣ ቀኑንም በቀን መቁጠሪያው ላይ እሱ ያክብበት። የማያሟላ ከሆነ ደግሞ በር ላይ በሰው ፊት ተመልሶ ከማልቀስ ቤቱ ማወቁ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ በሚሽከረከር መጫወቻ ላይ ስትወጣ ታስመልሳለች። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድም ጣርማ በርን ስንወጣ ያው ነው። ሕመም ይሆን?
(አንድ አባት፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ሁለቱም ምክንያታቸው አንድ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን ክፍል «እየዞርን ነው» ሲል፣ ዓይን ደግሞ አጠገቡ ያለውን የማይንቀሳቀስ ወንበር አይቶ «ቆመናል» ይላል፤ አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ማቅለሽለሽ ይመጣል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች ላይ ይታያል፣ እያደጉ ሲሄዱም አብዛኞቹን ይተዋቸዋል። ከቆላው ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ለማንም ከባድ ነው። ከፊት ወንበር አስቀምጧት፣ ሩቅ ያለውን ተራራ ትመልከት፣ ስልክ አትይ፣ ከጉዞው በፊትም ቀለል ያለ ምግብ ትብላ። መናፈሻ ውስጥ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ይበቋታል፤ «አትፍሪ» ተብላ የሚሽከረከረው ላይ አትውጣ። ከወረደች በኋላ አርፋም ማዞሩ ካልለቀቃት፣ ወይም መኪናም ጨዋታም ሳይኖር የሚያዞራት ከሆነ ግን ጊዜ ሳትሰጡ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።