የማታው ሊጥ ለምን ይቀደዳል?

ጥያቄ፦ አባታችን የከፈቱትን ፒዛ ቤት ከወንድሜ ጋር ተረክበን እየሠራን ነው። ዱቄቱንም አሠራሩንም አልቀየርንም። ጠዋት ያቦካነው ሊጥ ለምሳ ጥሩ ነው፤ ማታ ግን ይቀደዳል፣ ሲጋገር አይቀላም፣ መሃሉም ይርሳል። ምድጃችን የኤሌክትሪክ ነው። (ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ ዱቄቱን አትጠርጥሩ። የሚቀደድና የማይቀላ ሊጥ ከመጠን በላይ ኩፍ ያለ ነው። እርሾው ስኳሩን በልቶ ጨርሶታል፤ ፒዛውን የሚያቀላው ደግሞ ያው ስኳር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ሊጥ ቶሎ ይነፋል። አባታችሁ በእጃቸው ዳስሰው፣ እንደ ቀኑ ሙቀት እርሾውን ይቀንሱ ወይም ይጨምሩ ይሆናል። እናንተ ሚዛን ግዙ።

ለ1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት 580 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ፣ 20 ግራም ጨው፣ 2 ግራም ደረቅ እርሾ ይበቃል። አቡክታችሁ 1 ሰዓት ካሳረፋችሁት በኋላ እያንዳንዳቸው 265 ግራም ገደማ የሆኑ 6 ድብልብሎች አድርጉና ክዳን ባለው ዕቃ እስከ ነገ ፍሪጅ አስገቡት። ክዳኑን አትርሱ፤ በደረቁ አየራችን ሊጡ ወዲያው ቆዳ ያወጣል። ዋናው ነገር አወጣጡ ነው፦ የምሳውን ብቻ ከመጋገሩ 2 ሰዓት በፊት አውጡ፤ የማታው እዚያው ይቆይ።

የመሃሉ እርጥበት ሌላ ጣጣ ነው። ምድጃው መሞቁን የሚያሳየው ትንሿ መብራት ስትጠፋ የሞቀው አየሩ ነው እንጂ ፒዛው የሚጋገርበት ድንጋይ አይደለም። ድንጋዩ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይፈልጋል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደገና ጠብቁ። ማታ ትእዛዝ ሲደራረብ አንዱን ፒዛ አውጥታችሁ ሌላውን እዚያው ቦታ ላይ ወዲያው ካስገባችሁ፣ ወለሉ ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል። ቦታ ቀይሩ፣ ካልሆነም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ቲማቲሙን ፈጭታችሁ ጨው ነስንሱበትና በወንፊት ግማሽ ሰዓት አጥልሉት፤ ለ30 ሳንቲሜትር ፒዛ 80 ግራም ስጎ፣ 100 ግራም ፎርማጆ ይበቃል። እንጉዳይ በጥሬው አይግባ፤ ውሃው እስኪመጥ ጥበሱት። ደንበኛ «ፎርማጆ ይብዛልኝ» ሲል ጨምሩለት፣ ግን ስጎውን ቀንሱ።

ጥያቄ፦ የጾም ፒዛ ላዩ ይደርቅብናል። ምን ይሻላል? (ከ4 ኪሎ)

መልስ፦ ፎርማጆው ከላይ ሆኖ ስጎውን ከእሳት ይከልለው ነበር። ስጎውን ወደ 110 ግራም አሳድጉ፤ በስሱ የተከተፈ ሽንኩርትና ቀድሞ በከፊል የተቀቀለ ድንች በዘይት አሽታችሁ ላዩን ሸፍኑት። ረቡዕና ዓርብ መቁረጫውም ማቅረቢያ ሰሌዳውም ለብቻ ይሁን፤ የምድጃው ወለል ላይ የተንጠባጠበ ፎርማጆ ካለም ቀድማችሁ ፈቅፍቁት። ቱናውን ግን ደንበኛው ራሱ ይዘዝ፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኛ አንገባበትም።