ጠላት በሌለበት ሌሊት

ልጆቼ፣

27 ዓመት ወታደራዊ መኪና ማሽከርከር አስተምሬያለሁ። ስለ ጀግንነት ስትጠይቁኝ የጦር ሜዳ ወሬ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እኔ ግን ቶሎ ትዝ የሚለኝ አንድ የተገለበጠ መኪና ነው።

ከልምምድ እየተመለስን ነበር። ሌሊት ነው፤ ዝናብ ሲጥል አምሽቷል። ከፊቴ የሚሄደው የጭነት መኪና የመንገዱ ዳር ተናደበትና ተንከባሎ ወረደ። ጎማው ወደ ላይ ሆኖ ቀረ።

ቀድሞ የወጣው ከሥልጠና ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። እዚያው ቁጭ ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን በተሰበረው የጋቢና መስኮት ተመልሶ ገባና ሞተሩን አጠፋ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይነድም፤ የጋለ ሞተር ላይ ከፈሰሰ ግን እሳት ሊነሳ ይችላል። ከዚያ ስም መጥራት ጀመረ። በዚያ ጩኸት መሃል አንድ በአንድ ጠራ። «ዘጠኝ ተሳፍረናል፤ ስምንት ነን!» አለ።

ዘጠነኛው ካሶኒው ሥር እግሩ ተይዞ ነበር። ሰዎች ሊጎትቱት ሲሮጡ «አትንኩት!» ብሎ አስቆማቸው። ትክክል ነበር። አከርካሪው የተጎዳን ሰው በጉልበት መጎተት ለዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ከኪሱ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ አውጥቶ ከቁስሉ በላይ ደሙ እስኪቆም አጠበቀው፤ የታሰረበትንም ሰዓት ጻፈበት። ክሪክ አስመጣ። ወዲያው ከሞተሩ በኩል ጭስ ወጣ። ያን ጊዜ ሐሳቡን ቀየረ። እሳት ከመጣ አከርካሪን የሚጠብቅ ጊዜ የለም። አንዱን እሳት ማጥፊያ አስያዘው፣ ክሪኩ ካሶኒውን ትንሽ ከፍ እንዳደረገ ጓደኛውን በብብቱ ይዞ አወጣው። ጓደኛውም በሕይወት ተርፏል።

ይሄ ጀግንነት ዕውቅና የሌለው እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1926 «የወታደር ሜዳልያ» ያቋቋመችው ከጠላት ጋር ባልተፋለሙበት ሁኔታ ሕይወታቸውን ለአደጋ ለሚያጋልጡ ነው። የብሪታንያ «ጆርጅ ክሮስ» ሜዳልያም እ.ኤ.አ. በ1940 የተቋቋመው ጠላት ፊት ለፊት በሌለበት ለሚፈጸም ጀግንነት ነው። አደጋውም ጥቂት አይደለም። በአሜሪካ ምድር ጦርና ማሪን ኮር (የባሕር ወለድ ጦር) ብቻ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2019 የበጀት ዓመታት ከውጊያ ውጪ 3,753 የወታደራዊ ተሽከርካሪ አደጋዎች ተመዝግበዋል። 123 የሠራዊት አባላት ሞተዋል።

ስለዚህ ስትሳፈሩ ስንት እንደሆናችሁ ቁጠሩ። ቀበቶ እሰሩ። እሳት ማጥፊያው የት እንዳለ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁ ያግኘው። ያ ልጅ ከሌላው የተለየ ደፋር አልነበረም። ሲሠለጥን ግን ሌሎቹ የሰለቹትን እሱ ይደጋግመው ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ያ ልጅ ከዚያ ሌሊት በኋላ ለወራት እንቅልፍ አጣ። ሲጨልም ስም ይጠራል ይሉኝ ነበር። እኔ «ጎበዝ!» ብዬ ትከሻውን መታ አድርጌ አለፍኩ። ቁጭ ብዬ አላስወራሁትም። ከእንዲህ ያለ ሌሊት የተመለሰ ጓደኛ ካላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ዝም ቢላችሁም ተቀመጡ። በሳምንቱ ደግሞ ተመልሳችሁ ሂዱ።