«ባለቤቴ አታምንብኝም»

ጥያቄው ባጭሩ፦ «በአንድ የግል ባንክ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራው ሰልችቶኛል፤ ለቅቄ የቤት ዕቃ መሥሪያ ወርክሾፕ መክፈት እፈልጋለሁ። ነርስ የሆነችው ባለቤቴ ግን ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ‹ካልሆነስ?› ትለኛለች። ሁለት ልጆች አሉን። ለምንድን ነው የማታበረታታኝ?»

ወንድሜ፣ ስለ ወርክሾፑ ብዙ ጽፈሃል፤ የመጋዙን ዓይነት ሳይቀር። ስለ ቤታችሁ ወጪ ግን አንድም ቁጥር አላገኘሁም። የባለቤትህን ደመወዝ ያነሳኸው እግረ መንገድህን ነው፦ «እሷ እንደሆነ ሥራ አላት»። እኔን ያስቆመኝ እዚህ ጋ ነው።

እንደገባኝ መጠባበቂያህ ራሷ ባለቤትህ ናት። ይህ ነውር የለውም፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ቤቱን የሚሸከምበት ትዳር ብዙ ነው። የሚሸከመው ሰው ግን ይጠየቃል። አንተ ሳትጠይቃት እሺ እንዳለች ቆጠርክ፤ እሷ ስትጠይቅህ ደግሞ «አታምንብኝም» አልክ። «ካልሆነስ?» ስትል ችሎታህን የተጠራጠረች አይመስለኝም። ኪራዩን፣ አስቤዛውንና የልጆቹን ክፍያ ብቻዬን የምችለው እስከ መቼ ነው ማለቷ ይሆናል። ለእናትህ በየወሩ እንደምትልክም ጽፈሃል። ገንዘብ ሲያጥር ያ እንደማይነካ ታውቃለች፤ ከማን ጉሮሮ እንደሚቀነስም ታውቃለች። እንዲህ ያለውን ስጋት «አይዞሽ» አያበርደውም። መጠንና ቀን ያለው ስምምነት ግን ሊያበርደው ይችላል።

እስቲ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ የማይቀሩትን ወጪዎች ጻፉ፤ ዕድሩም የእናትህም ይግቡ። ለምሳሌ ወጪው በወር 45 ሺህ ብር፣ የእሷ የተጣራ ደመወዝ 15 ሺህ ቢሆን፣ ጉድለቱ 30 ሺህ ነው፤ ለስድስት ወር 180 ሺህ። የመስከረም ምዝገባና ዩኒፎርም ከዚህ ውጭ ነው፤ ለዋጋ ንረትም ጥቂት ጨምሩ። ስድስት ወር ይበቃል አይበቃም የሚለውን እሷ ብትወስን ደስ ይለኛል።

ይህ ገንዘብ ከወርክሾፑ መነሻ ጋር በአንድ ሂሳብ አይቀመጥ። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በቀብድ ነው፦ ደንበኛ ለኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) መግዣ የሰጠው ለቤት ወጪ ይውላል፣ የሚቀጥለው ሰው ቀብድ የፊተኛውን ቁም ሣጥን ይጨርሳል፣ ከዚያ «ነገ ና» ይጀመራል።

ዕቁብህ ወጥቶልህ ከሆነ የቀረው መዋጮ ዕዳ ነውና ከቁጠባ አትቁጠረው። ከባንኩ የሠራተኛ ብድር ካለብህም ውሉን አንብብ፤ የቅናሽ ወለዱ ብዙውን ጊዜ ከሥራው ጋር ያበቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅብሃል። ከአምስት ዓመት በላይ ስላገለገልክ፣ በሥልጠና ምክንያት ባንኩን የማገልገል ግዴታ ከሌለብህ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ልታገኝ ትችላለህ፤ እጅህ ሳይገባ ግን አትደምረው።

የማቆሚያውንም ነጥብ አብራችሁ ቁረጡ፦ «መጠባበቂያው ከሁለት ወር ወጪ በታች ሲወርድ ቅጥር እፈልጋለሁ» ብለህ ቃል ግባላት። ይህን የምትነግራት እሷን አዳምጠህ ከጨረስክ በኋላ ይሁን። ንግግሩ ወደ ጠብ ከሄደ የትዳር አማካሪ ዘንድ አብራችሁ ብትቀርቡ ይሻላል፤ እኔ የሰማሁት ያንተን ወገን ብቻ ነው። እስከዚያ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ትንንሽ ትዕዛዝ መሞከር ትችላለህ። መልቀቂያውን ግን ለጊዜው አታስገባ።